402 − 168፦ ዜሮ ላይ የሚሰናከሉ ተማሪዎችን ማስተማር

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ 50 ያህል ተማሪዎች አሉ። 74 − 38 ዓይነቱን ብዙዎቹ በትክክል ይሠራሉ። ላይኛው ቁጥር ውስጥ ዜሮ ሲገባ ግን፣ ለምሳሌ 402 − 168 ላይ፣ ከግማሽ በላይ ይሳሳታሉ። ደግሜ ሳስረዳቸው የዚያን ዕለት ይሠሩታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭራሽ እንዳልተማሩት ይሆናሉ። ምን ጎደለ? በየዓመቱ ይኸው እንዳይደጋገምብኝስ በሙያዬ እንዴት ልሻሻል?

ምላሽ፦ ተማሪዎችዎ የሚሳሳቱት ስላልተጠነቀቁ አይደለም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሕግ ነው፤ ሕጉ ነው የተሳሳተው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት አሠርተው ይሰብስቡ። ከዚያ ወረቀቶቹን ትክክልና ስሕተት ብለው ለሁለት ከመክፈል ይልቅ፣ በወጣው መልስ እየለዩ ይደርድሯቸው። ትክክለኛው መልስ 234 ነው። የቀሩት እንዲሁ የተበተኑ ቁጥሮች አይሆኑም፤ ጥቂት መልሶች እየተደጋገሙ ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም ልጁ ምን እንዳደረገ ይናገራል።

366 ያመጣው ተማሪ በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ላይ ትንሹን ቀንሷል፦ ከ8 ላይ 2፣ ከ6 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። የትኛው ቁጥር ከየትኛው እንደሚቀነስ ለእሱ ትርጉም የለውም፤ በእያንዳንዱ ቤት ሁለት አሃዞች ተቀምጠዋል፣ እነሱን ያለያያል።

334 ያመጣው ዜሮውን 9፣ 2ቱን ደግሞ 12 አድርጓል፤ 4ቱን ግን አልነካም። «ዜሮ ሲበደር 9 ይሆናል» የሚለውን ይዟል፣ 9ኙ ከየት እንደመጣ አያውቅም። መልሱ ከትክክለኛው በ100 መብለጡን ልብ ይበሉ፤ አልተነካም ያልነው ያ አንድ መቶ ነው።

244 ያመጣው ከ4ቱ አንድ ወስዶ 3 አድርጓል፣ ዜሮውንም 10 አድርጓል። ከነዚያ አስር አስሮች አንዱ ወደ አንድ ቤት ሲሄድ 9 መቅረቱን ነው የዘለለው። ስሕተቱ 10 ብቻ ነው፤ ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበው ይህ ልጅ ነው።

144 ያመጣው ዜሮውን ዘሎ ከመቶ ቤት በቀጥታ ወደ አንድ ቤት አምጥቷል፤ ለአስር ቤት ደግሞ እንደገና ከመቶ ቤት ወስዷል። አንድ ሙሉ መቶ አንድ ቤት ሲደርስ 10 ብቻ ሆኗል ማለት ነው፤ 90ው መንገድ ላይ ጠፍቷል። 234 ላይ 144 ሲቀነስ 90 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

264 እና 204 ያመጡት ሁለቱም 12 − 8 = 4 ብለዋል፣ ለዚያም ከመቶ ቤት አንድ ወስደዋል። አስር ቤት ላይ 0 − 6 ሲገጥማቸው ግን አንዱ «6» ብሎ አለፈ፣ ሌላው «ከምንም ላይ ምን ይቀነሳል» ብሎ 0 ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ተመራማሪዎቹ ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የልጆችን የመቀነስ ስሕተት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ተከታትለው፣ ብዙው ስሕተት ወጥ አሠራር ያለውና አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል መሆኑን አሳይተዋል። ብራውን ከከርት ቫንሌን ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 የጨመረው ማብራሪያ ለእርስዎ ጥያቄ የበለጠ ይቀርባል፦ ልጁ የያዘው አሠራር መንገድ ሲዘጋበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ከሚያውቀው ቀጣጥሎ ማለፊያ ያበጃል። ዜሮ መንገዱ የሚዘጋበት ቦታ ነው። ማለፊያው ደግሞ ከቀን ቀን ሊቀያየር ይችላል፤ ዛሬ 244 ያመጣ ልጅ ነገ ሌላ ጥያቄ ላይ በ144ቱ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጥያቄ ብቻ አይፍረዱ።

ለመለያ የሚሆኑ ሰባት ጥያቄዎች እነሆ፤ እያንዳንዱ የተመረጠበት ምክንያት አለው። 586 − 243 ምንም መበደር የለበትም (343)። 574 − 238 አንድ ቤት ላይ ብቻ (336)፣ 538 − 264 አስር ቤት ላይ ብቻ (274)፣ 524 − 178 ሁለቱም ላይ (346) መበደር ይጠይቃሉ። 754 − 306 ዜሮው ታች ነው (448)። 402 − 168 መሐል ላይ ዜሮ አለው፣ 600 − 237 ሁለት ዜሮ አለው (363)። የራስዎን ጥያቄ ሲያወጡ አንድ ወጥመድ ይጠብቁ፦ በአንድ ቤት ላይ ልዩነቱ 5 የሚመጣ ከሆነ ጥያቄው ይሸፍንብዎታል። 61 − 36ን ይመልከቱ። 11 − 6 ያለውም፣ በተገላቢጦሽ 6 − 1 ያለውም አንድ ቤት ላይ 5 ይጽፋሉ፤ ከዚያ ቤት ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማስረዳትዎ አንድ ቀን ብቻ የቆየው ልጆቹ የያዙት የምልክቶችን ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው፦ ሰርዝ፣ 3 ጻፍ፣ ዜሮውን ሰርዝ፣ 9 ጻፍ፣ 2 ፊት 1 ጨምር። ሰሌዳው ላይ ሞዴሉ እስካለ ድረስ ይገለብጡታል። ሞዴሉ ሲጠፋ ቅደም ተከተሉን መልሶ የሚያስገኝ ምክንያት በውስጣቸው የለም። ደጋግሞ ማስረዳት ያንኑ ቅደም ተከተል መድገም ነው፤ የጎደለው ሌላ ነው፦ 402 ማለት ምን ማለት እንደሆነ።

ይህን በአንድ ጥያቄ ያረጋግጡ። «በ402 ውስጥ ስንት አስሮች አሉ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ «ዜሮ» ይላሉ። አስር ቤት ላይ የተጻፈው አሃዝ 0 መሆኑ እውነት ነው፤ በ402 ውስጥ ያሉት አስሮች ግን 40 ናቸው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያልለየ ልጅ ዜሮው ላይ ሲደርስ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ያምናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ግምት ነው። የእኔ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሌላ የመቀነስ መልመጃ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

ቃላችንም ያሳስታል። «መበደር» የሚለውን ቃል ቢተዉት እመክራለሁ። የተበደረ ይመልሳል፤ እዚህ ግን ማንም አይመልስም፤ ልጁም የሆነ ቁጥር ከውጭ የመጣ ይመስለዋል። «መመንዘር» የተሻለ ነው፦ አንድ መቶ ወደ አስር አስሮች ይመነዘራል፣ አንድ አስር ወደ አስር አንዶች ይመነዘራል፣ ጠቅላላው ዋጋ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ልጆች ይህን ቃል ከክፍል ውጭ ስለሚያውቁት ትርጉሙ ይዟቸው ይመጣል። ሌላው መታረም ያለበት አባባል «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» የሚለው ነው። በታችኞቹ ክፍሎች እየተባለ ይመጣል፣ የ366 እናትም እሱ ነው፤ «አይቀነስም» የተባለ ልጅ ገልብጦ ይቀንሳል። በኋላ ኔጋቲቭ ቁጥር ሲማርም ውሸት ሆኖ ያገኘዋል። በምትኩ «እዚህ ያሉት አንዶች አይበቁም» ይበሉ። «አይበቁም» የተባለ ልጅ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ከየት ይምጣ?» ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ጥያቄ ነው።

መርጃ መሣሪያውን በተመለከተ። ለሠርቶ ማሳያ 500 ያህል ተመሳሳይ ስንጥሮች ይበቃሉ፦ አስር አስሩ በላስቲክ ይታሰራሉ፣ አስር እስሮች ደግሞ አንድ ላይ ሲታሰሩ መቶ ይሆናሉ። ጥቅማቸው መቶው በእጅ ሲፈታ መታየቱ ነው። ለሁሉም ተማሪ ግን አይዳረስም። ለጥንድ ጥንድ ተማሪዎች ከካርቶን መቁረጥ ይሻላል፦ መቶው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ አስሩ 1 በ10 ሳንቲ ሜትር ዘንግ፣ አንዱ 1 በ1 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ ጥንድ 5 መቶዎች፣ 20 አስሮችና 20 አንዶች ያስፈልጋሉ። ለምን 20? ምንዛሬ ሲደረግ በአንድ ቤት ሊከማች የሚችለው ቢበዛ 18 ነው (ላይኛው አሃዝ 8 ሲሆን)፤ ሁለቱ ለሚጠፉት መጠባበቂያ ናቸው። ለ25 ጥንዶች 125 ካሬ፣ 500 ዘንግ፣ 500 ትንንሽ ማለት ነው። ትልቁ ሥራ መቁረጡ ነው፤ ካሬዎቹ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር መስመሮች ከተሰመሩ ተማሪዎቹ ራሳቸው ዘንጎቹን ቆርጠው ማውጣት ይችላሉ፤ ያኔ መቶው አስር ዘንግ መሆኑን በመቀስ ያዩታል። የእያንዳንዱን ጥንድ በፖስታ ለይተው ያስቀምጡ። ሁሉም መጠናቸው እኩል የሆኑ ጠጠሮችን ወይም ክዳኖችን በቤት ከፋፍሎ መጠቀም ለጀማሪ አይሆንም፤ መቶውም አንዱም አንድ ዓይነት ጠጠር ከሆነ ልጁ የሚያየው እንደገና አሃዝ ነው። እሱ በኋላ ይመጣል።

አሠራሩ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ሁለቱንም ቁጥሮች መደርደር ነው። 402ም 168ም ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩ 570 ነገር ተቀምጧል፤ ከየቱ የቱ ይነሣል? የሚደረደረው 402 ብቻ ነው። 168 የምናነሣው መጠን ስለሆነ ወረቀት ላይ ይቆያል።

ተማሪዎቹ 4 ካሬና 2 ትንንሽ ይደረድራሉ። 8 አንዶች ማንሣት አለብን፤ ያሉት 2 ናቸው፣ አይበቁም። አስሮቹ ጋ ሲሄዱ ባዶ ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሰጥተው 10 ዘንግ ይቀበላሉ። እዚህ ላይ ያስቁሟቸው። «አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ስንት ነው?» ይበሉ። መልሱ 402 መሆኑን ቆጥረው እስኪያረጋግጡ አይለፉ፤ ደብተራቸው ላይ 300 + 100 + 2 ብለው ይጻፉ። ቀጥሎ አንድ ዘንግ ሰጥተው 10 ትንንሽ ይቀበላሉ። እንደገና ያስቁሙ፣ እንደገና ያስቆጥሩ፦ 300 + 90 + 12፣ አሁንም 402። 9ኙ የተወለደው እዚህ ነው፤ ከአስር ዘንጎች አንዱ ሄዶ ዘጠኝ ቀሩ። ከዚያ 8 ትንንሽ፣ 6 ዘንግ፣ 1 ካሬ ያነሣሉ፤ 2 ካሬ፣ 3 ዘንግ፣ 4 ትንንሽ ይቀራሉ።

እያንዳንዱ የእጅ ሥራ በዚያው ቅጽበት መጻፍ አለበት። ሰኞ በካርቶን፣ ማክሰኞ በቁጥር ከተደረገ ልጁ ሁለት የማይገናኙ ትምህርቶችን ይማራል፤ ብዙ ጊዜ «መርጃ መሣሪያ ተጠቅሜ ለውጥ አላመጣም» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥንዱን ይከፋፍሉት፦ አንዱ ይመነዝራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ጥያቄ ይቀያየራሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1966 ያስቀመጣቸው ሦስት እርከኖች፣ ማለትም በእጅ መሥራት፣ በሥዕል ማሳየትና በምልክት መጻፍ፣ እዚህም ይሠራሉ። የሥዕሉ እርከን ቀላል ነው፦ ለመቶ ካሬ፣ ለአስር መስመር፣ ለአንድ ነጥብ። ካርቶኑ የሚነሣው ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ቀን ስለደረሰ አይደለም። ካርቶኑን በደብተር ሸፍነው «ይህን 9 ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ልጁ ሳያይ ከመለሰ ያነሡለት፤ ካልመለሰ ይቆይለት።

ሁለት ጊዜ መመንዘሩ ከገባቸው በኋላ ወደዚያው ጥያቄ ይመለሱ፦ በ402 ውስጥ 40 አስሮች አሉ። ከ40ዎቹ አንዱን ብንመነዝር 39 አስሮችና 12 አንዶች ይቀራሉ። አንድ ምንዛሬ ብቻ! ልጁ «40»ውን በአንድ ሰርዞ «39» ይጽፋል፤ 334ም፣ 244ም፣ 144ም የሚወለዱበት ቦታ ይዘጋል። 600 ማለት 60 አስሮች ስለሆነ 59 አስሮችና 10 አንዶች ይሆናል። 3004 ደግሞ 300 አስሮችና 4 አንዶች ነው፤ 299 አስሮችና 14 አንዶች ይሆናል። ከሁለት ዜሮ ጋር የሚታገል ልጅ ይህን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ግን ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ። ካሬው ወደ ዘንግ ሲመነዘር ሳያይ «40ን 39 አድርግ» የተባለ ልጅ አንድ ተጨማሪ ዘዴ ሸምድዷል እንጂ አልተረዳም።

አማርኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ የሚታይ አንድ ነገር አለ። «አራት መቶ ሁለት» ስንል ዜሮው አይሰማም። በአፍ ስንናገር መቶ የራሱ ስም ስላለው ባዶ ቤት መጥራት አያስፈልግም፤ በግዕዝ አኃዝም ፬፻፪ ብለን ስንጽፍ ፻ ራሱ ስለተጻፈ ዜሮ አያስፈልግም። 402 ብለን ስንጽፍ ግን መቶነትን የሚነግረን ቦታው ብቻ ነው፤ ዜሮው ባይኖር 42 ይሆን ነበር። ስለዚህ የሰሙትን ልክ እንደሰሙት 4002 ብለው የሚጽፉ ልጆች መኖራቸው አያስገርምም፤ መጀመሪያ 400 ጽፈው ከዚያ 2 ጨመሩ። በየቀኑ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ለ3 ደቂቃ አምስት ቁጥር ያጽፏቸው፦ 402፣ 420፣ 42፣ 240፣ 4020። አሥር ቀን ያህል ቢሄዱበት ማን ዜሮን እንደ ቦታ ጠባቂ እንደያዘና ማን እንዳልያዘ ግልጽ ይሆንልዎታል።

ከስሕተቶቹ መካከል ከምንዛሬ ጋር ምንም የማይገናኙም ይኖራሉ። 235 ያመጣ ልጅ ምንዛሬውን አሳምሮ ሠርቶ 12 − 8 = 5 ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ወደ ካርቶን መመለስ አያስፈልግም። ከምንዛሬ በኋላ የሚያስፈልጉት ቅነሳዎች፣ ከ10 − 1 እስከ 18 − 9፣ ተቆጥረው 45 ብቻ ናቸው። በቃል ጠይቀው የትኞቹ ላይ እንደሚዘገይ ይመዝግቡና እነዚያን ብቻ ያለማምዱት። በጣት ወደ ኋላ ከመቁጠር በአስር በኩል ማለፍ ይሻላል፦ ከ8 እስከ 10 ሁለት፣ ከ10 እስከ 12 ሁለት፣ ስለዚህ 4። እነዚህ ቅነሳዎች ሲያደክሙት ልጁ የትኛው ቤት ላይ እንደነበረ ይጠፋበታል፤ የምንዛሬ ስሕተት የሚመስለውም አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሌሎች መንገዶችን ማሳየት ጥሩ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ። ከ168 ወደ 402 እየጨመሩ መሄድ ይቻላል፦ 2 ሲጨመር 170፣ 30 ሲጨመር 200፣ 202 ሲጨመር 402፤ ድምሩ 234። ወይም ከሁለቱም ቁጥሮች እኩል መቀነስ ይቻላል፦ ከየሁለቱ 3 ሲነሣ 399 − 165 ይሆናል፣ ልዩነቱ አይለወጥም፣ ምንም ምንዛሬ የለበትም። ልጆች ይህን ሁለተኛውን በጣም ይወዱታል። «ለምን ልዩነቱ አልተለወጠም?» የሚለውን ካልመለሱ ግን አንዱን ቁጥር ብቻ ቀንሰው የሚተዉ ይኖራሉ። 402 − 398 ሲሰጣቸው ሰርዘው ደልዘው መመንዘር የለባቸውም፤ 4 መሆኑን ማየት አለባቸው። የትኛው መንገድ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያዋጣ ማስመረጥ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

መልመጃ ሲያዘጋጁ አንድ ገጽ ሙሉ ተመሳሳይ ጥያቄ አይስጡ። ሁሉም ምንዛሬ የሚጠይቁ ከሆኑ ልጁ ቁጥሩን ማየት ትቶ ሁሉንም ይመነዝራል፤ በኋላ 586 − 243 ሲሰጡት እዚያም ይመነዝርና አንድ ቤት ላይ 13 ይጽፋል። ከስምንት ጥያቄዎች ሁለቱ ምንዛሬ የማይጠይቁ፣ አንዱ መደመር፣ አንዱ ደግሞ የቃል ጥያቄ ይሁን። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የሚያጋጥምዎት መርሳት ደግሞ የሚታከመው በአንድ ቀን ብዛት ሳይሆን በቀናት ርቀት ነው። ያንኑ 20 ጥያቄ በአንድ ቀን ከማሠራት፣ ትምህርቱ ካለቀ ከ2 ቀን፣ ከ1 ሳምንትና ከ3 ሳምንት በኋላ ሁለት ሁለት ጥያቄ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይስጡ። ያኔ ሌላ ምዕራፍ እያስተማሩ ይሆናል፤ ቢሆንም ይስጡ።

በክፍል ውስጥ ስለሚደረገው ንግግር ሁለት ነገር። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ «አዎ!» የሚለው የጋራ ድምፅ ምንም አይነግርዎትም። በምትኩ መልሱ በአንድ ቃል የማያልቅ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «9ኙ ከየት መጣ? የቀረው አንድስ የት ሄደ?» ከዚያ ዝም ይበሉ። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ክፍለ ጊዜ እየቀዳች ስታጠና፣ ከጥያቄ በኋላ የሚጠበቀው ጊዜ በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው፤ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ረዘመ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሰሌዳው ፊት ለቆመ ሰው ረጅም ነው፤ በልብዎ ይቁጠሩ።

ሁለተኛው፣ የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ ሲያወጡ በራስዎ እጅ ጽሑፍ ይገልብጡት፤ የልጁን ስም አይጥሩ፣ ወደ እሱም አይመልከቱ። «ይህን የሠራው ሰው ምን አስቦ ነው? እስከ የት ድረስ ልክ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። 244 ለዚህ በጣም ይመቻል፤ አብዛኛው ሥራ ልክ ስለሆነ ክፍሉ የሚያከብረው ነገር ያገኝበታል። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ ሐሳቡን አያሳይዎትም፤ ሐሳቡን ካላዩ ደግሞ ሊያስተምሩት አይችሉም።

አሁን ስለ ራስዎ መሻሻል። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለመምህር ልዩ የሆነ የዕውቀት ዓይነት እንዳለ ጽፎ ነበር፤ ሒሳቡን ከማወቅም፣ ክፍል ከመምራትም የሚለይ፦ ይህ የተወሰነ ርዕስ ለልጅ የት ላይ እንደሚከብድ፣ ምን ምሳሌ እንደሚከፍተው፣ ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚወልድ ማወቅ። ይህ ዕውቀት በሠለጠኑበት ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ግን ዓመታት ስለተቆጠሩም ብቻ አይመጣም። ካልተጻፈ ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ለስሕተት ብቻ ይመድቡ። በየገጹ ስድስት ዓምድ ያስምሩ፦ ጥያቄው፣ የመጣው መልስ፣ ከጀርባው ያለው ሕግ፣ ስንት ልጅ፣ ምን አደረግሁ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም። ዋናው የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንተወውም እሱን ነው። በየቀኑ መጻፍ አይጠበቅብዎትም፣ በሳምንት አንድ ርዕስ ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ምዕራፍ ሲደርሱ ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት ገጹን ይክፈቱት። ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊትም ጥያቄውን ራስዎ በሁለት መንገድ ይሥሩት፣ ሊመጡ የሚችሉ ሦስት የተሳሳቱ መልሶችን ይጻፉ፣ ለእያንዳንዱ የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ ያዘጋጁ። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ አካባቢ ግምትዎ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የሳተበትን ቦታ መጻፍ ነው ትምህርቱ።

ከባልደረቦችዎ ጋር የሚሠራ ከሆነ የጃፓን መምህራን ጁግዮ ኬንክዩ፣ ማለትም የትምህርት ጥናት፣ የሚሉት አሠራር ከማውቃቸው ሁሉ የሚጠቅመው ነው። ሦስት ወይም አራት መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ በጋራ ያቅዳሉ፤ ልጆቹ ምን እንደሚመልሱ ጭምር። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ። የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው፦ እያንዳንዱ ተመልካች ሁለት ጥንዶችን ብቻ ይዞ ያሉትንና የጻፉትን እንዳለ ይመዘግባል። ይህ የሚበላሸው ውይይቱ «በጣም ጥሩ አስተማርሽ፣ ድምፅሽ ግን ትንሽ ዝቅ አለ» ወደሚል ሲዞር ነው። ያን ለመከላከል ውይይቱ በአንድ የልጅ ሥራ ይጀመር፦ «ይህ ጥንድ 10 ዘንግ ከተቀበለ በኋላ ካሬውን አልመለሰም፤ ለምን?» በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ በቂ ነው። እግረ መንገድዎን የእነሱን የሰሌዳ አጠቃቀም፣ ባንሾ የሚሉትን፣ ይሞክሩት። ከግራ ጥያቄው፣ መሐል ላይ የልጆቹ መንገዶች ከነስሕተታቸው፣ ከቀኝ ክፍሉ የደረሰበት፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምንም አይጠፋም። ሰሌዳው ካልተጠፋ የዘገየው ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል።

ባልደረባ ባይገኝ በስልክዎ የአንድ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ድምፅ ይቅዱ። ሲያዳምጡ ሁለት ነገር ብቻ ይቁጠሩ፦ ከጥያቄዎ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደጠበቁ፣ ከጥያቄዎችዎ ስንቶቹ «አዎ» ወይም አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚጠይቁ። ሌላውን ለሌላ ቀን ይተዉት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም የሞከረ ምንም አያርምም።

ለ50 ተማሪዎች የሚሆን ተግባራዊ አካሄድ፦ በየቀኑ ሁሉንም ደብተር ለማረም አይሞክሩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ያሠሩና በመልስ ይደርድሩት። በማግስቱ ሌሎቹ መልመጃ ሲሠሩ አንድ ክምር ብቻ፣ ለምሳሌ 366 ያመጡትን፣ ለ15 ደቂቃ ወደ ፊት ጠርተው ከካርቶኑ ጋር ያስቀምጧቸው። 366 ከ244 ይቀድማል፤ የመጀመሪያው ልጅ መቀነስ ምን እንደሆነ ገና ነው፣ ሁለተኛው አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው።

ከ3 ሳምንት በኋላ ለመፈተሽ 705 − 249፣ 640 − 273 እና 3004 − 1267ን ይስጡ፤ መልሶቹ 456፣ 367 እና 1737 ናቸው። የመጨረሻው ገና ያልተማሩት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሆን ተብሎ የገባ ነው። የያዘው የምልክት ቅደም ተከተል ብቻ የሆነ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል፤ 300 አስሮችን የሚያይ ልጅ ሳይነገረው ሊሠራው ይችላል። ሦስቱንም የሠሩት ወደ ሚቀጥለው ይለፉ። ሁለቱን ሠርተው ሦስተኛው ላይ የቆሙትን «በ3004 ውስጥ ስንት አስሮች አሉ?» ይበሏቸው፣ ሦስት ሰከንድም ይጠብቋቸው። 705 − 249 ላይ የወደቁትን ደግሞ ወደ ካሬውና ወደ ዘንጉ ይመልሷቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ምንዛሬውን እርስዎ ሳይሆኑ እነሱ ያስረዱዎት።